ሽማግሌዎቹ ያንኳኩት በር

ፉሪ መጥታችሁ አዲስ ቤት ብታዩ ከፊት ያለውን አትመኑ።

እኔ በዚህ ሰፈር ያልገባሁበት ግቢ የለም። ጉልበቴ እንዳይተሳሰር ብዬ ጠዋት ጠዋት እወጣለሁ። አንድ ቀን ወደ ሀና ማርያም፣ አንድ ቀን ደግሞ እግሬ ከፈቀደ እስከ ሀይሌ ጋርመንት። መንገድ ላይ ያገኘሁትን ሁሉ ሰላም እላለሁ፤ በሩን ገርበብ ያደረገ ካለ ብቅ ብዬ እንደምን አደራችሁ እላለሁ፤ ተቀመጪ ካሉኝ እቀመጣለሁ። ምራቴ ሙሉ፣ "እማዬ፣ እርስዎ ወተት ሊገዙ ወጥተው የሰው ታሪክ ይዘው ነው የሚመለሱት፤ ወተቱ የታለ?" ትለኛለች። እውነቷን ነው። ወሬዬም እንደ እግሬ ነው፤ ቀጥ ብሎ አይሄድም። ታገሱኝ፣ እደርሳለሁ።

ስዞር ያየሁት ይህን ነው። ባለ መስታወቱ፣ ባለ በረንዳው ትልቅ ቤት ውስጥ የሚኖረው ብዙውን ጊዜ ተከራይ ነው። ባለቤቱ ከጀርባ ነው። ከአጥሩ ጋር በተለጠፈችው፣ ሰርቪስ በሚሏት ባለ ቆርቆሮ ቤት ሚስቱን፣ ልጆቹንና እናቱን ይዞ ትልቁን ቤት በመስኮት ያያል። ሰርቪሷ ቀድማ ትሠራለች። "ለጊዜው እንግባባት" ይባላል። ከዚያ ትልቁ ቤት ይጀመራል፣ ይቆማል፣ ደግሞ ይጀመራል። ሲያልቅ የባንኩ ብድር አለ፤ ስለዚህ ይከራያል። ልጆች እዚያችው ሰርቪስ ውስጥ ጥርስ ይነቅላሉ፣ ጢም ያበቅላሉ።

እኛም እንደዚሁ ነን።

ልጄ ታደሰ የመንግሥት ሠራተኛ ነው። ያሳደግኩት ጎፋ፣ ቀበሌ ቤት ውስጥ ነው፤ አባቱ ቶሎ ሞተብን። የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች በማኅበር ተደራጅተው ፉሪ መሬት ያገኙ ጊዜ እጄን ይዞ አምጥቶ አሳየኝ። ያኔ እዚህ የጤፍ ማሳ ነበር። ችካል ተተክሎ በችካሉ ላይ ክር ተወጥሯል። "እማዬ፣ እዚህ ጋ ሳሎኑ ነው" አለና ጭቃው ላይ ቆመ። "እዚህ ጋ ደግሞ ያንቺ ክፍል። ፀሐይ እንዲገባልሽ መስኮቱን በዚህ በኩል አደርገዋለሁ።" ክፍሉ ዛሬ አለ። ፀሐይም ይገባዋል። የሚሞቀው ግን የአቶ ከድር ትንሹ ልጅ ነው።

አቶ ከድር ተከራያችን ነው። ከስልጤ የመጣ፣ ሀይሌ ጋርመንት ቀለምና ቆርቆሮ የሚሸጥ፣ ቀልደኛና ሰው አክባሪ ሰው። ሚስቱ ፋጡማ በረመዳን ሳምቡሳ ሳትልክልን አታፈጥርም። ሰሚራ የምትባል ለአቅመ ሔዋን የደረሰች ልጅ አለቻቸው። ሰሚራና የልጅ ልጄ ሕይወት በአንድ ገመድ ላይ ልብስ ሲያሰጡ ብታዩ እህትማማች ትሏቸዋላችሁ። በእኛና በተከራዮቻችን መካከል ክፉ ነገር አልነበረም። ክፉው ነገር የነበረው በእኛው ቤት ነው። "ቤት ስንገባ" የምትባል ንግግር ነበረችን።

የሚካኤልን ዝክር ላውጣ ስል፣ "እማዬ፣ ቤት ስንገባ።" ሙሉ፣ እህቴ ከክፍለ ሀገር መጥታ ትሰንብት ስትል፣ "ቤት ስንገባ።" ታደሰ የመሥሪያ ቤት ጓደኞቹን አንድ ቀን ምሳ አልጋበዘም፤ ቤት ስንገባ። ከአልጋዬ ሥር በሲባጎ የታሰረ ካርቶን ነበር፤ ሙሉ ለትልቁ ቤት ብላ የገዛችው ብርጭቆና ሳህን ነው። እኛ በፕላስቲክ ኩባያ እየጠጣን ብርጭቆው ከአልጋ ሥር ተኝቶ ይጠብቃል። መጥረጊያ ሳስገባ ካርቶኑን እገጨውና ኪሊል ይላል፤ አለሁ የሚል ይመስለኝ ነበር።

ሕይወትም የምትዳረው ቤት ስንገባ ነበር።

ሕይወት መድኃኒት ቤት ትሠራለች። የወደደችው ልጅ ብሩክ ይባላል፤ ጎፋ ፍሪጅ ይጠግናል፣ ከእናቱ ጋር በአንዲት ክፍል ይኖራል። ከተዋወቁ ቆይተዋል። ልጁ ሽማግሌ ልላክ ብሎ በጠየቀ ቁጥር የታደሰ መልስ አንድ ነው። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ልብስ እያጠብን ሳለ ሕይወት እጇን ከአረፋው አወጣችና፣ "እማዬ፣ ብሩክ እኮ አባትሽ ንቆኛል ብሎ እያሰበ ነው" አለችኝ።

"ንቆት አይደለም። አፍሮ ነው።"

"እኔ አውቃለሁ። እሱ ግን በምን ይወቅ? ባለፈው ዝም አለ። ብሩክ ዝም ሲል እፈራለሁ።" ከዚያ ቀሚሱን ጨምቃ ወደ ገመዱ ሄደች። አላለቀሰችም። ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

እኔ ቀስ ብዬ ነው የምቆጣው። ቀስ ብሎ የመጣ ደግሞ ቶሎ አይሄድም። ያን ዕለት ማታ ታደሰ ጫማውን ሲያወልቅ ጠበቅኩትና ነገርኩት።

"እሁድ ሽማግሌ ይመጣል።"

"የት?"

"እዚህ።"

"እዚህ የት እማዬ?" አለና ዙሪያውን አየ። መጋረጃውን፣ አልጋዎቹን፣ ከትልቁ ቤት ተርፎ እስከ ጣሪያ የተደረደረውን የሴራሚክ ካርቶን። "ሽማግሌ አልጋ ላይ ይቀመጥ?"

"እስኪፈቀድላቸው ይቆሙ የለም እንዴ?"

"ከተፈቀደላቸው በኋላስ?"

"እሱን ያኔ እናየዋለን። ሕይወትን ይምጡ በይው ብያታለሁ፤ ቃል ወጥቷል" አልኩት። ሙሉ ከመጋረጃው ወዲያ ሆና ትስቅ እንደሆነ ታስል እንደሆነ አልለየሁም። ታደሰ ግን ያን ሳምንት በሙሉ ፊቱ አልተፈታም። ከወገን እንኳ አንድ ሰው አልጠራም፤ ሰርቪሷን ማንም እንዲያይበት አልፈለገም።

እሁድ ደረሰ። ሽማግሌዎቹ የሚመጡት ከምሳ በኋላ ነው ተብለናል። እኔ ከሀና ማርያም ቅዳሴ ተመልሼ ነጠላዬን አላወረድኩም። ሙሉ አልጋዎቹን አስጠግታ መቆሚያ ታበጃለች፣ ሕይወት ፀጉሯን ተሠርታ ወጥ ታማስላለች፣ ታደሰ ለስላሳ ሊያመጣ ሀይሌ ጋርመንት ወርዷል። ይህ ሁሉ ሲሆን ሰሚራ እየሮጠች መጣች። ትስቅም ትፈራም ነበር።

"እማማ፣ እኛ ሳሎን ሦስት ሽማግሌዎች ቆመዋል።"

"ምን አሏችሁ?"

"ምንም። አባዬ ተቀመጡ ቢላቸው፣ የመጣንበት ሳይሰማ አንቀመጥም አሉት። ይሄኔ ገባውና ደነገጠ። እንግዲያው እንደቆማችሁ ቆዩልኝ አላቸው።"

ልብ በሉ። በእኛም በእነ ከድርም ወግ ሽማግሌ ቆሞ ነው የሚለምነው። ተቀመጡ ተብሎ ከተቀመጠ ጆሮ አገኘ ማለት ነው፤ ከዚያ ወዲያ ነገሩ ወደ ፊት እንጂ ወደ ኋላ አይልም። ከድር ደግሞ የደረሰች ሴት ልጅ አለችው። ሦስት የማያውቃቸውን ነጠላ የለበሱ ሰዎች በእንግዳ ወግ ተቀመጡ ብሎ ሰሚራን ለማያውቀው ሰው ሊድራት ምንም አልቀረውም ነበር።

"ብሩክ ከኋላ ግቡ አላላቸውም እንዴ?" አለች ሙሉ።

ሕይወት ማማሰያውን እንደያዘች ቀረች። "ሰማያዊ በር፣ ከወፍጮ ቤቱ ፊት ለፊት ብሏቸዋል። ከኋላ እንደምንኖር እሱ ያውቃል፤ እኔ ነግሬዋለሁ። ለእነሱ መንገር ነው የረሳው።"

ልጁ ከሽማግሌ ጋር አብሮ አይመጣ ነገር። ሽማግሌ ደግሞ የሰው ልጅ ሊጠይቅ መጥቶ ትልቁን በር ትቶ በውሃ ታንከር ሥር ተሽሎክሎኮ ጓሮ አይገባም። በሩ ለከድር መኪና ተከፍቶ ነበር፤ ገብተው ደረጃውን ወጥተው "ቤቶች" አሉ። በቃ።

ወዲያው ከድር ራሱ መጣ። ሽርጥ እንዳገለደመ፣ ቆቡን በእጁ ይዞ።

"እማማ፣ ፋጡማ ሻይ እንዳታቀርብ ከልክያታለሁ። አንዴ ከቀመሱልኝ አማች ሆንኩ ማለት ነው።"

"አሁን ምን እያደረጉ ነው?"

"ግድግዳዬን እያዩ ነው።" ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። "እንዲህ ብናደርግስ? ታደሰ ይምጣና እዚያው ይቀበላቸው። ቤቱስ የእሱ አይደል? እኛ እናንተ ጋ ቁጭ እንላለን። ለአንድ ሰዓት ነገር ሽማግሌ ከቤት ወደ ቤት ምን ያንከራትታል?"

ይህን ሲል ታደሰ የለስላሳውን ሳጥን አቅፎ ደረሰ። ከድር ደግሞ ነገረው። የልጄን ፊት ያን ጊዜ ብታዩት። ጭቃው ላይ ቆሞ "እዚህ ጋ ሳሎኑ ነው" ያለኝ ቀን የነበረው ፊት ተመልሶ መጣ። ሳጥኑን አስቀመጠ፣ ኮቱን ለበሰ፣ ጫማውን በሱሪው ጀርባ አሸት አደረገ። እኔም ኮሌታውን አቃናሁለት።

ተሸጋሸግን። የከድር ቤተሰብ በጓሮ በኩል ወደ ሰርቪሷ፣ እኛ በጓሮ በኩል ወደ ትልቁ ቤት። መንገድ ላይ ተገናኘን። ፋጡማ ሕፃኑን አዝላ ስታልፍ፣ "እማማ፣ ወጡን እኔ አየዋለሁ" አለችኝ። ሰሚራ ቆም ብላ፣ "ሳሎን ከዓረብ አገር የመጣው የቁርኣን ጥቅስ ተሰቅሏል፤ ላውርደው?" አለችኝ። "ተይው ልጄ፣ ሽማግሌ ያየውን አያወርዱም" አልኳት።

ሦስቱም እንደቆሙ ነበሩ። ትልቁ አባባ ደምሴ ይባላሉ፤ ቀጭን፣ ዘንግ የያዙ፣ ጭራቸውን በትከሻቸው ጣል ያደረጉ። አንደኛው ወፍራም ነው፤ ላቡን በነጠላው ጫፍ ይጠርጋል። ሦስተኛው ባርኔጣውን በሁለት እጁ ይዞ ወለሉን ያያል፤ ጫማው ጭቃ ነክቶት ነበርና ከምንጣፉ ዳር አልፎ አልቆመም። ታደሰ ገብቶ፣ "የልጅቷ አባት እኔ ነኝ" ብሎ እጅ ነሣ። እኔ በኮሪደሩ በር ጥግ ቆምኩ፤ ሙሉና ሕይወት ከኋላዬ። ወፍራሙ ሽማግሌ ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን አየ፣ ዞሮ የእኔን ማተብ አየ፣ ደግሞ ግድግዳውን አየ። ልጁ ያልነገረን ነገር አለ የሚል ነገር በዓይኑ ሲዞር አየሁት።

አባባ ደምሴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ጣሪያውን፣ የተንጠለጠለውን መብራት፣ እንደ መስታወት የሚያበራውን ወለል ቀስ ብለው ዞረው አዩ።

"ወንድሜ፣ እግዜር ይስጥልን። ቤት ይሉሃል ይህ ነው" አሉ።

"ቤት የእግዜር ነው" አለ ታደሰ። አገጩ ቀና ብሎ ነበር።

"ልጃችሁን ለልጃችን ልንለምን ነበር የመጣነው።"

ልንለምን ነበር። ያቺን 'ነበር' ጆሮዬ ያዛት።

"ልጃችን ጨዋ ነው፣ ሠራተኛ ነው። ግን አንዲት ክፍል ነው ያለችው፤ እሷም የእናቱ ናት። እናቱ ስትልከን አደራ ብላናለች። 'ሰዎቹን እዩዋቸው። እንደኛው ከሆኑ ለምኑልኝ። ከበላያችን ከሆኑ ግን መርቃችሁ ውጡ። አንድ ልጄ ነው፤ በሚስቱ ወገን ፊት አንገቱን ደፍቶ እንዲኖር አልፈልግም' ብላናለች። የሴትዮዋ ቃል ነው። እኛ ደግሞ በዓይናችን አየን።" ዘንጋቸውን ወደ ጣሪያው ከፍ አድርገው መለሱት። "ስለዚህ ሳንቀያየም፣ ምንም ሳንጠይቃችሁ፣ እንመርቅና እንሂድ።"

ታደሰ አፉን ከፈተ። "ቤቱ እኮ" አለ፤ "ቤቱ ምንም አይደለም።"

"ለእናንተስ ምን ይሆናል" አሉ አባባ ደምሴ፣ በሐዘን እንጂ በክፋት አይደለም። "ለኛ ግን ይከብዳል።"

ዞር ብዬ ሕይወትን አየኋት። እጇ ነጠላዬን ይዟል። ሽማግሌ ዛሬ መርቆ ከወጣ ነገ አይመለስም። ብሩክም ከእናቱ ቃል አይወጣም፤ ታደሰም ቤት እስኪገባ ሌላ ሽማግሌ አያስገባም። ልጅቷ በዚያ በሚያበራ ወለል ላይ ዓይኔ እያየ ልትቀር ነው። እኔ ዕድሜዬን በሙሉ ወንዶች ሲነጋገሩ ኮሪደር የምቆም ሴት ነኝ፤ ወግ ነው፣ ቅርም አይለኝ። አባባ ደምሴ ግን ለምርቃት እጃቸውን ሲያነሡ እግሬ ከእኔ ቀድሞ ገባ። ምርቃትን መሃል ላይ መቁረጥ ነውር ነው፤ ከመጀመሩ በፊት መድረስ ነበረብኝ።

"አባቴ፣ እጅዎን ያውርዱልኝ" አልኩ። "ምርቃቱ ይቆየን።"

ሦስቱም አዩኝ። ታደሰ፣ "እማዬ" አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። "እማዬ፣ እባክሽ።"

"ታደሰ፣ ልጄ፣ ቤቱ ያንተ ነው። ማንም አይወስድብህም። ልጅቷ ግን እዚህ ቤት ውስጥ አንድ ቀን አድራ አታውቅም።" ከዚያ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞርኩ። "አባቶቼ፣ እናንተ የገባችሁት ተከራያችን ቤት ነው። ይህ ምንጣፍ፣ ይህ ሶፋ የአቶ ከድር ነው። ያም ግድግዳ ላይ ያለው የእሱ ነው።"

ወፍራሙ ሽማግሌ ትንፋሹን ለቀቀ። "እኔኮ" አለ፤ "ማተብዎን ሳይ፣ ያን ሳይ፣ ጭንቅላቴ ሲዞር ነው የቆየው።"

"ሴትዮዋ እንደኛው ከሆኑ ለምኑ አይደል ያለቻችሁ? እንግዲያው የምንኖርበትን ሳታዩ አትሄዱም። ቤታችን ከኋላ ነው።" ይህን ብዬ የአባባ ደምሴን እጅ ያዝኩ። የማላውቀውን ሽማግሌ እጅ ይዤ ስጎትት ምን እንዳሰቡ እግዜር ይወቀው። መጡልኝ።

ደረጃውን ወረድን። በውሃው ታንከር ሥር፣ በልብሱ ገመድ ሥር፣ ጎንበስ እያልን አለፍን። ሰርቪሷ በር ስንደርስ የከድር ቤተሰብ አልጋችን ላይ በሰልፍ ተቀምጦ አገኘነው፤ ልጆቹ የታደሰን ለስላሳ ከፍተዋል። ከድር ብድግ አለና ከልማዱ የተነሣ፣ "እንኳን ደህና መጣችሁ፣ ግቡ፣ ቤታችሁ ነው" አለ። ከዚያ ምን እንዳለ ገባውና አፉን በእጁ ያዘ። ያን ጊዜ መጀመሪያ የሳቁት አባባ ደምሴ ናቸው።

እነሱ ወጡ፣ እኛ ገባን። ሽማግሌዎቹ በአልጋና በአልጋ መሃል ሙሉ ባበጀችው መቆሚያ ተደርድረው ቆሙ። የባለ ባርኔጣው ትከሻ የሴራሚኩን ካርቶን ይነካል። የከሰዓት ፀሐይ ስለበረታ ቆርቆሮው ጣ ጣ ይላል። አባባ ደምሴ አንድ በአንድ አዩ። ሚስማር ላይ የተሰቀለውን የሕይወትን የሥራ ጋወን፣ መጋረጃውን፣ ከአልጋው ሥር ያለውን ካርቶን።

"ሁላችሁም እዚህ ናችሁ?"

"ሁላችንም። ከመጋረጃው ወዲያ ባልና ሚስት፣ ወዲህ እኔና ልጅቷ።"

"መጋረጃችን እንኳ እንዲህ አይነት ነበር" አሉ ቀስ ብለው። "ልጆቼን ከዚህች በምትጠብ ቤት ነው ያሳደግኩት።" ዘንጋቸውን አስተካከሉ፣ ቀጥ ብለው ቆሙ፣ ድምፃቸውም ሌላ ሆነ። "አሁን ልክ መጣን። ወንድሜ ታደሰ፣ ልጅህን ለልጃችን ስጠን ብለን ደጅህ ቆመናል።"

ታደሰ አልገባም ነበር። በሩ ላይ፣ አንድ እጁን መቃኑ ላይ አድርጎ ቆሟል። ኮቱ ውስጥ ትከሻው ወድቋል። እሺም እንቢም ሳይል፣ ከዘመድ ልማከር ሌላ ቀን ተመለሱ ቢላቸው ወጉ ይፈቅድለታል። ያን ቢል ግን ሌላ ቀን የሚባለው የቱ እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ሙሉ አየችው። ሕይወት አላየችውም፤ ዓይኗ መሬት ላይ ነው።

መጀመሪያ የተናገረው ለእኔ ነው።

"እማዬ፣ አሁን ደስ አለሽ?"

"ገና ነው" አልኩት።

ዓይኑን ጨፈነ። ሲገልጠው ሽማግሌዎቹን አየ፤ በእሱ ጠባብ ቤት ውስጥ፣ ክብራቸውን ሳይቀንሱ፣ በሳሎን እንደቆሙት አድርገው የቆሙትን። ከዚያ ልጁን አየ። ረጅም ነው ልጄ፤ ያቺ በር ለእሱ አትበቃውም። ጎንበስ ብሎ ገባ። ኮቱን አወለቀና ሚስማሩ ላይ፣ ከሕይወት ጋወን ላይ ደረበው።

"ተቀመጡ" አለ።

ማንም አልተነቃነቀም። አባባ ደምሴ ወዲህ አዩ፣ ወዲያ አዩ። ወፍራሙ፣ "የት?" አለ፣ በቅን ልቦናው። ሙሉ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ታደሰ ራሱ፣ ያ ሳምንቱን ፊቱ ያልተፈታ ሰውዬ፣ ከሆዱ ሳቀ።

ከውጭ የከድር ድምፅ ተሰማ። መስኮቱ ሥር ሆኖ ሲሰማ ነበር መሰለኝ። "ሰሚራ፣ ወንበር" አለ። በበሩ ብቅ ብዬ ሳይ የትልቁ ቤት የምግብ ወንበሮች ደረጃውን እየወረዱ ነው። ፋጡማ ሕፃኑን እንዳዘለች አንዱን ይዛለች፣ ሰሚራ ሁለቱን፣ ከድር አንዱን በራሱ ላይ ተሸክሞ፣ በልብሱ ገመድ ሥር ጎንበስ እያለ። እጅ ለእጅ ተቀባበልናቸው። ሽማግሌዎቹ ተቀመጡ። ጉልበታቸው ከአልጋው ጋር እየተጋጨ፣ ግን ተቀመጡ።

እኔ ደግሞ ቢላ አነሣሁና በጉልበቴ ተንበርክኬ ከአልጋው ሥር ካርቶኑን ጎተትኩ። ሙሉ፣ "እማዬ፣ እሱ እኮ ለ..." አለችና ቃሏን አልጨረሰችውም። ሲባጎውን ቆረጥኩት። ብርጭቆዎቹ ጋዜጣ ለብሰው ነበር፤ ጋዜጣው ቢጫ ሆኗል። ሕይወት አጠበቻቸው። ለስላሳው ተቀዳ፣ ለከድርም ለፋጡማም ደጅ ተሰጣቸው፤ "አሁንስ ቀመስኩ፣ የማን አማች ልሆን ነው?" አለ ከድር። ምርቃቱም ያን ጊዜ ሆነ። አሜን ሲባል ከጓሮም አሚን ተባለ።

ይህን የምታነቡ ልጆቼ፣ ያን ዕለት ትልቅ ነገር አልሠራሁም። የሰው እጅ ይዤ ከፊት ወደ ኋላ ወሰድኩ እንጂ። ግን የእኛ ኑሮ ከዚያ ቀን ወዲህና ወዲያ ተብሎ ይከፈላል። ዛሬም ከፊት ያለው ከድር ነው፤ ብድሩም አለ፤ እኔም ፀሐይ የምሞቀው ደጅ ድንጋይ ላይ ነው። ሆኖም በቤታችን "ቤት ስንገባ" የሚል ሰው የለም። ካንዱ አፍ ካመለጠ ሙሉ ብድግ ብላ ብርጭቆ በማንኪያ ታንኳኳለች፤ ያለው ሰው ይስቅና ይተወዋል። የሚካኤልን ዝክር አወጣሁ፤ ማኅበርተኛው ግማሹ ውስጥ፣ ግማሹ ልብስ ማስጫው ሥር ተቀመጠ። በምትኖሩበት ቤት ያፈራችሁ ዕለት ልጃችሁም ባደገችበት ታፍራለች፤ ይህን ከማንም አልተማርኩም፣ ከታደሰ ፊት ነው ያነበብኩት። ስትዞሩ እንደ እኔ እዩ፤ በየሰርቪሱ አልጋ ሥር በሲባጎ የታሰረ ካርቶን አለ። የእናንተም ካለ፣ ቢላውን እኔ አቀብላችኋለሁ።

ሕይወትና ብሩክ ተጋቡ። የብሩክ እናት፣ ቀጭን፣ አንደበቷ እንደ ዘንግ ቀጥ ያለች ሴት፣ መጥታ አልጋዬ ላይ ከእኔ ጋር ተቀምጣ ነው ስትስቅ የዋለችው። የሠርጉ ዕለት ጠዋት ታደሰን ፈለግኩት፤ ጠፋ። ወጥቼ ሳይ ሰማያዊው በር ላይ ቆሟል፤ አዲሱን ልብሱን ለብሶ፣ ክራቫቱ ትንሽ ወደ ጎን ሄዶ። የመሥሪያ ቤቱ ሰዎች ከመኪና እየወረዱ ነው፤ ምሳ እንኳ ያልጋበዛቸው ሁሉ። አንደኛው ትልቁን ደረጃ ሊወጣ እግሩን አነሣ። ልጄ ክንዱን ያዝ አደረገው።

"እዚያ አይደለም" አለው፣ ሌሎቹም እንዲሰሙ ድምፁን ከፍ አድርጎ። "ወደ ኋላ ዝለቁ። ቤታችን እዚያ ነው።"